ከመደርደሪያ ብረት የሠራነው ካሜራ

ዝገት በነጭ ጋዝ ሲታጠብ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቀው ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ጎረምሶች አንድ አዲስ ሱቅ በር ላይ ያረጀ የብረት መደርደሪያ ፈታተው፣ ብሎኑን በጣሳ ነጭ ጋዝ ዘፍዝፈው በጨርቅ ሲያሹ አገኘኋቸውና፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ቆመ። አንደኛው ቀና ብሎ «ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አለኝ። ምን እለዋለሁ? «ምንም» ብዬ አለፍኩ፤ ቤቴ እስክገባ ድረስ ግን ጥርሴን እንደነከስኩ ነበር። እኔ ቂመኛ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይሄን ያውቃል፣ አልክድም።

አባየ ብረት ሠራተኛ ነበር። ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ከግቢያችን አጥር ሥር በቆርቆሮ በከለላት ቦታ በርና መስኮት ይበይድ ነበር። ፊት ለፊት ስናነጋግረው አንቱ ነበር የምንለው፣ ዛሬም አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን እንደ ልቤ ላውራ። ልጆቹ ሁለት ነበርን፣ እኔና እታለም። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ስሟ የሺእመቤት ቢሆንም በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሌሎች ልጆች ሒሳብን እንደ ጅብ ሲፈሩት እሷ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ እንኳ ቁጥር ስትደምርና ስታባዛ ትውል ነበር። ማትሪክ ተፈትና፣ መሰናዶ ገብታ፣ ከዚያም ምህንድስና ተምራ ድልድይ ልትሠራ ነበር ሐሳቧ። ሰኔ ላይ ዘጠነኛን አንደኛ ወጥታ ካርዷን ስታመጣ አባየ ካርዱን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ መዶሻውን አንስቶ፣ ራሱ የሠራውን የቤታችንን የብረት በር ኳ! ኳ! አድርጎ መታና «ማትሪክ እስክትፈተን ድረስ ሽማግሌ የሚባል በዚህ በር አይገባም!» አለ። እታለም ሳቀች፣ እማየም ሳቀች፣ እኔ በደስታ ግቢውን ዞርኩት።

ክረምቱ ሲገባ የአባየ ሥራ ይቀዘቅዝ ነበር። ጉና በደመና ተሸፍኖ ለሳምንታት አይታይም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ እንኳ ያቅተን ነበር፣ ያንን ጭቃ ረግጦ በር ሊያሠራ የሚመጣ ደግሞ ማን ነው? በዚያ ክረምት አንድ ያረጀ መጋዘን ፈርሶ አባየ ከመደርደሪያው ብረት አንድ ሁለት ሸክም አመጣ፤ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ብየዳ ሳያስፈልገው በብሎን ብቻ የሚገጣጠም አንግል ብረት ነው። ከጎረቤታችን ጸሐፊ ደግሞ መስኮቷን ጠግኖላት ከተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽን የወጣ፣ ጭብጥ የሚያክል ሌንስ ተቀብሎ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያያቸው ሰነበተና አንድ ቀን ምሳ ላይ «ካሜራ እሠራለሁ» አለ።

እማየ ጉርሻዋን አቁማ «ምን እሠራለሁ አልክ?» አለችው።

«ካሜራ። ልጅ ሆኜ እዚህ ገበያው ጥግ አንድ ሰውዬ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በትልቅ ሳጥን ሰው ያነሳ ነበር። ሳጥን አይደለም እንዴ? ጋፋት መድፍ በተሠራበት አገር ሳጥን ያቅተኛል?»

«ኧረ በማርያም! መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣራ ድፈንልኝ!»

ጣራውን ሳይደፍን ካሜራውን ጀመረ። «የመጀመሪያው ፎቶ የሁለቱ ልጆቼ ነው፤ እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» ብሎ ሚስማሩን እንኳ አስቀድሞ መታው። እኔ ፎቶ የሚባል ተነስቼ አላውቅም ነበርና ያንን ባዶ ሚስማር በቀን አሥር ጊዜ አየው ነበር።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ክረምት ከሕይወቴ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ ነው፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሁላችንም የየድርሻችንን እንሠራ ነበር። አባየ ብረቱን በመጋዝ እየቆረጠ እንደ ትልቅ የወፍ ማጎሪያ አራት ማዕዘን አድርጎ ይገጣጥመዋል፣ እኔ ብሎኑን በነጭ ጋዝ አጥቤ በመጠን በመጠን እለያለሁ፣ እማየም እየተነጫነጨች የሁለት አሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ደርባ ብርሃን የማያስገባ እጥፍ እጥፍ መጋረጃ ሰፍታ በሌንሱና በኋላው መሀል አለበሰችው። ከኋላ ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት ጥርት ያለ ሳይሆን ወተት የመሰለ መሆን ነበረበትና፣ ያንን ለማድረግ እኔ የመስኮት መስታወት ላይ እርጥብ ደቃቅ አሸዋ በትኜ በሌላ መስታወት ስፈትግ ሰነበትኩ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበረው፣ እማየ «ይሄን ነገር ውጭ!» እያለች ከቤት ታባርረኝ ነበር።

ግን ያለ እታለም ያ ነገር ካሜራ አይሆንም ነበር። ሌንሱ ያየውን ከኋላ ያለው መስታወት ላይ ይጥላል፤ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ካልተስተካከለ ግን ሁሉ ነገር ይደበዝዛል። አባየ መስታወቱን በግምት አሥሮት ስናይበት ዓለም ሁሉ ገንፎ ሆነ። ተናደደ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ አላላ፣ እንደገና ተናደደ። እታለም ዝም ብላ ሌንሱን ይዛ ከመስኮቱ ፊት ቆመች፣ የውጭው ዛፍ ግድግዳው ላይ ተገልብጦ ጥርት እስኪል ወደፊት ወደኋላ አለች፣ ርቀቱን በሜትር ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ከዚያም «አባየ፣ ሰው ቀረብ ሲል መስታወቱ መራቅ አለበት፤ ትክክለኛው ቦታ ደግሞ በሁለት ቀዳዳ መሀል ነው የሚወድቀው። ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስረዝመው ቢያገናኟቸው ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል» አለችው።

«እኔን ብረት ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ጮኸባት። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ግን በሞረድ እየከረከረ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ እየተገናኙ እንደ ባቄላ ረዝመዋል። ከዚያ ወዲያ ለመጣ ለሄደው «ያሰላችው ልጄ ናት፤ እኔ ብሎን አጥባቂ ነኝ» ይል ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አሥር ጊዜ።

መስከረም ጠባና ሰማዩ ሲከፈት እታለም አሥረኛ ክፍል ገባች፣ እኛም ወረቀት አገኘን። ወደ ከለር የዞረ አንድ ፎቶ ቤት ያስቀመጠውን የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት፣ ግማሽ ካርቶን ከነማጠቢያ መድኃኒቱ፣ ለአባየ ሰጠው። በጥቅምት ቅዳሜ ካሜራውን እንደ ቃሬዛ ለሁለት ተሸክመን በእግር ጋፋት ወረድን። ጨርቁን ተከናንቤ መስታወቱን ሳይ ላሞቹ ተገልብጠው በሰማይ ላይ ይግጣሉ፣ የገብሱ ማሳ ከላይ ተንጠልጥሏል፣ አንዲት ሴትዮ በአናቷ ቆማ ትሄዳለች። በሳቅ ሞትኩ! አባየ ወረቀቱን አስገብቶ፣ የሌንሱን ክዳን አንስቶ፣ እኔ ጮክ ብዬ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠርኩና ክዳኑን መለሰው። ቤት ገብተን ችቦ የሚያክል የእጅ ባትሪ በቀይ ወረቀት ሸፍነን በጎተራው ጓዳ ስናጥበው ኮረብታው ከባዶ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ መጣ። በመጀመሪያ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ተጭኖ ብርሃን ሲመታው ይቃናል። አባየ «ወጣ! መድፉ ወጣ!» ብሎ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፈን።

የልጆቹስ ፎቶ? «አይ፣ እጃችን ይፍታታና» ይለን ነበር። ሚስማሩ ባዶውን ኅዳር ገባ።

በኅዳር አንድ እሑድ፣ እታለም የማጠናከሪያ ትምህርት ሄዳ ሳለች፣ ሦስት ሽማግሎች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራ ይዘው መጡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እማየ «ሂጂ፣ ውጭ ተጫወቺ» አለችኝ። ሲሸኛቸው ጠብቄ አባየን «ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?» ስል ጠየቅኩት።

«በር ሊያሠሩ ነው» አለኝ።

«ሦስት ሆነው?»

«ትልቅ በር ነው።»

አመንኩት። ሞኝነቴን እዩልኝ! በር የሚያሠራ ሰው ብረቱ ጋ ቆሞ ይከራከራል እንጂ ሳሎን ገብቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል? በተከታዩ እሑድም መጡ፣ በሌላውም መጡ፤ ሁልጊዜ እታለም በሌለችበት ሰዓት። እኔ ትልቁን በር በጉጉት ስጠብቅ ነበር፣ አንድም ቀን ብረቱ ሳይቆረጥ ኅዳር አለቀ።

በታኅሣሥ አንድ ብርዳም ጠዋት፣ ፀሐይዋ ግን ግቢውን ሞልታው፣ አባየ «ዛሬ እታለምሽን እናንሳት» አለኝ። «ሁለታችንን አላሉም ነበር?» ስለው «ወረቀቱ እንዳይበላሽ አንድ በአንድ፤ ያንቺ ይደርሳል» አለ። እማየ የራሷን ጥልፍ ቀሚስ አልብሳ፣ ሹሩባ ሠርታ፣ የአንገቷን መስቀል አሠረችላት። እኔ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩ፤ ትልቅ ሰው ሆና ታየችኝና «እንዴት አምሮብሻል! ልክ እንደ እማየ!» አልኳት። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ እንዳትነቃነቅ አባየ ከኋላዋ ጭንቅላቷን የሚደግፍ ብረት አቆመላት። ወደ ሌንሱ እያየች ድንገት «ለማን ነው?» አለች።

አባየ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ነበር። እማየ ጀርባዋን ሰጥታ እንጨት ታነሳ ነበር። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ እኔ በሙሉ አፌ «ለኛ ነዋ! ለማን ሊሆን ነው?» አልኩ። እታለም ሳቀች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጸጥ አለች፣ እኔም እስከ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ።

ፎቶው ደርቆ ሳየው አለቀስኩ፣ ያምር ነበር። አባየ እስክሪብቶ ሰጠኝና «ያንቺ ጽሕፈት ቆንጆ ነው፤ ጀርባው ላይ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከነቅድመ አያቷ እስከ ሰባት ቤት ጻፊ። ስም የሌለው ፎቶ የማን ልጅ እንደሆነ ማን ያውቃል ወደፊት?» አለኝ። እሱ የአባቶቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ እኔ እየጻፍኩ፣ ከዚያ እማየ የእናቷን ወገን ጠራች። አራተኛው ላይ ድምፇ ተቆረጠ። አያቶቿን አስታውሳ ነው ብዬ «አይዞሽ እማየ» አልኳት። ምላሴን ዘርግቼ፣ ሆሄ እንዳላበላሽ እየተጠነቀቅኩ፣ በእኛ አገር አንድ ሰው የሌላውን ዘር በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ልጅ ሊሰጥና ሊቀበል ሲል መሆኑን ሳላውቅ፣ የእህቴን ዘር በገዛ እጄ አሰልፌ ጻፍኩ። ሲያልቅ አባየ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ «ባሕር ዳር ክፈፍ ላሠራለት ነው» አለ። እኔና እታለም ክፈፉ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን ስንወራረድ ሰነበትን።

ጥር መጣ። እማየ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች። «ምን ድግስ ነው?» ስንላት «የጥምቀት ነው» አለችን፤ ጥምቀት አለፈ፣ ጌሾው አልቆመም። አንድ ሰኞ እታለም ከትምህርት ቤት በጊዜ ተመለሰች። ደብተሯን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ወደ አባየ ሳትሄድ፣ ወደ እማየ ሳትሄድ፣ ብሎን ወደማጥብበት ወደ እኔ መጣች።

«ከሐሙሲት የመጣች የክፍሌ ልጅ ፎቶሽን አየሁት አለችኝ። ያጎቷ ልጅ መተማ ንግድ ላይ ስለሆነ እንዲያየኝ ተልኮለታል። ከኋላው እስከ ሰባት ቤት ተጽፏል አለችኝ። ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አየችኝና «ለኛ ነዋ አልሽኝ» አለች። ከዚያ ወደ አባየ ዞረች።

አባየ የብየዳ መነጽሩን አላወለቀም። «ሽማግሌ እግሬ ላይ ወደቀ፣ ልጄ። ሦስት እሑድ ተመላለሱብኝ። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ?» አለ።

«ለእኔ የሰጡኝ ቃልስ? በሩን እየመቱ የሰጡኝ?»

ብየዳውን መልሶ ለኮሰ። እኔም ጮኼ «በር ሊያሠሩ ነው ብለውኝ ነበር እኮ! ዋሽተውኛል!» አልኩ፤ እማየ አፌን በእጇ ያዘችኝ። እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር።

ማትሪኩ አምስት ወር ሲቀረው፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ዳሯት። ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት አባየ ባለ አሥር የብሎን መፍቻ ቁልፉን ይዞ ካሜራውን ፊታችን መፍታት ጀመረ። የእማየን የጃንጥላ ጨርቅ ገፈፈው፣ የፈተግኩትን መስታወት ግድግዳ አስደግፎ አቆመው፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ ለያይቶ እንደገና በብሎን ገጣጠማቸውና ባለ አራት ደርብ መደርደሪያ አደረጋቸው። «ሙሽራ ባዶ እጇን አትሄድም» አለ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እጁ አይታማም። መደርደሪያው ከፍራሹና ከሳጥኑ ጋር አይሱዙ ላይ ተጫነ። የእኔ ፎቶ እንዳልደረሰኝ ያኔ ትዝ አለኝ፣ በዚያች ሰዓት ስለ ራሴ ፎቶ ማሰቤን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም። ሚስማሩን በጉጠት ነቀልኩት።

ከዚያ ወዲያ ለአባየ አንድ ብሎን አላቀበልኩትም። «አንቺ ልጅ፣ ያቺን ቁልፍ» ሲለኝ እሰማና አልሰማም ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ተቆጣ፣ ከዚያ ራሱ መነሳት ለመደ። ይገርማችኋል፣ ለእኔ ሽማግሌ ሲመጣ በሩን አልከፈተም። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። ሰው ሁሉ «ልጁን እንዴት ቢወድ ነው» አለ። እኔ ግን አውቃለሁ፣ በእሷ የከፈተውን በር በእኔ ሊዘጋ ነበር። እና ተማርኩ። በሒሳብ ደካማዋ እኔ፣ በእሷ ደብተሮች አጥንቼ፣ መምህር ሆንኩ። እታለም ሁለት ዓመት ከዚያ ሰውዬ ጋር ኖረች፣ ተፋቱ፣ አረብ አገር ሄዳ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠራች፣ ተመልሳ ሐሙሲት መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተች። አባየ አሁን አርጅቷል፣ ዓይኑ በብየዳ ደክሟል፣ የሚኖረው እኔ ጋ ነው። አጎርሰዋለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ጸበል እወስደዋለሁ። ይቅርታውን ግን ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም አልሰጠሁትም። ሽማግሌ መመለስ ያኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ገብቶኝም ያናድደኛል።

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ሐሙሲት ወረድኩ። የባሕር ዳር ሚኒባሶች እየጮሁ ተሳፋሪ ይጠራሉ፣ እታለም ስኳርና ሳሙና ትመዝናለች፣ ከኋላዋ ያ መደርደሪያ ቆሟል። ከባሏ ቤት ስትወጣ የወሰደችው እሱን ብቻ ነው። በዘይት ጀሪካኖቹ መሀል፣ እሷ አስልታ አባየ በሞረድ ያስረዘማቸው ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ። እኔ አላውቅም ነበር እኮ ብያታለሁ፣ ስንት ጊዜ። «አውቃለሁ» ትለኛለች ሁልጊዜ፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ። በቃ፣ ይቺው ናት።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስልኬን አንስታ «አክስቴ፣ ቀና በይ!» አለቻት።

እታለም ስልክ በተነሳባት ቁጥር እንደምታደርገው እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «ለማን ነው?» አለች።

«ለኛ ነዋ! ለማን ሊሆን ነው?» አለች ልጄ።

ማንም አልነገራትም፤ በእኔ አፍ፣ በእኔው ቃል አለችው። እታለም እጇን ከፊቷ አወረደችና ልጄን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ልጄ አንሥታ ጨርሳለች፤ ያኔ አሥራ ሁለት እስክንቆጥር ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር፣ ዛሬ ሳያውቁት ያልቃል። እየሮጠች ወስዳ አሳየቻት። እታለም ትንሽ አይታው «አጥፊው፣ የኔ ቆንጆ» አለች። ልጄ አንዴም «ለምን?» ሳትል አጠፋችው፣ መጥፋቱንም አሳየቻት፣ እታለምም ጉንጯን ስማት ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

ይሄኛው ጠፋ። ያኛው ግን ሐሙሲት ይሁን መተማ፣ የማን ቤት፣ የማን ሣጥን ውስጥ እንዳለ አላውቅም፤ የትም ይሁን፣ ጀርባው ላይ በቆንጆ ጽሕፈት፣ አንድ ሆሄ ሳይበላሽ፣ የእኔ እጅ አለበት።